ቢልዱ አለፈ፣ ቴስቱስ የት ገባ?

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ አንድ ያፈርኩበት ከሰዓት ነው። ነገሩ የደረሰው እዚሁ ሐዋሳ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ለአማካሪያችን ለሙከራ ባቀረብንበት ዕለት ነበር። እኔና ሦስት ጓደኞቼ የሠራነው ፕሮግራም የሕፃናት ክትባት ቀጠሮን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሰላ ነው። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር ሕፃኑ እንደተወለደ፣ በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር ይከተባል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የልደት ቀን ታስገባላችሁ፣ ፕሮግራሙ የቀጠሮ ቀኖቹን አውጥቶ ካርድ ያትማል፣ በቃ።

አማካሪያችን ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አድርገው «ነሐሴ 1 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን የ6 ሳምንቱን ክትባት መቼ ይወስዳል?» ሲሉ ጠየቁን። ፕሮግራሙ «መስከረም 8» አለ። እርሳቸው በጣታቸው ቆጠር ቆጠር አደረጉና «ልጆች፣ 2015 እኮ ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች። መስከረም 7 መሆን ነበረበት» አሉን። ቀጥለውም ሌላ ነገር አሳዩን። ነሐሴ 1 ቀን 2015 ሰኞ ነበር። ሰኞ የተወለደ ልጅ ድፍን 6 ሳምንት የሚሞላው ሰኞ ነው፤ የእኛ ፕሮግራም ግን ማክሰኞ አድርጎታል። ብዙ ጤና ተቋማት ክትባት የሚሰጡት በሳምንት በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ፣ አንዲት እናት አራስ ልጇን ይዛ በባጃጅ ተንከራትታ መጥታ «ዛሬ ክትባት የለም» ልትባል ነው ማለት ነው።

በዚህ መሀል አንዷ ጓደኛችን «ኧረ እኔ ለጳጉሜ ስድስት ቴስት ጽፌለታለሁ!» ብላ ተነሣች። እውነቷን ነበር። ቴስቱ ከነስሙ ቁጭ ብሏል። ታዲያ ለምን አልያዘውም? ቢልዱን እንደገና አስነሣነው። መጨረሻ ላይ «ቢልድ ሰክሰስ» የሚለው አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ። አማካሪያችን ግን እስክሪብቷቸውን ከዚያ ከፍ ብሎ ባለው መስመር ላይ አሳረፉ። የተሠሩ ቴስቶች ብዛት፦ ዜሮ። ለካ የጻፍናቸው 23 ቴስቶች አንዳቸውም ለሳምንታት አልተሠሩም ነበር!

ቀመሩን ያበላሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ቴስቱን ስትጽፍ በራሷ ኮምፒውተር፣ በአይዲኢ ውስጥ አስነሥታው አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ኮዱን «ላጽዳው» ብዬ ስነካካ፣ የአውሮፓውያኑን ሕግ ከለመደ እጄ፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 0 ከሆነ ጳጉሜ 6 ናት ብዬ ጻፍኩ። በእኛ አቆጣጠር ግን ቀሪው 3 ሲሆን ነው። ቢልዱ አረንጓዴ ስላሳየኝ ተማምኜ ላክሁት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ አበው።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። ቢልድ ቱሉ ቴስቶቹን ለምን አላያቸውም? መልሱን ስፈልግ የደረስኩበት ርዕስ፣ ለአንድ ክፍት ምንጭ የቴስት ፍሬምወርክ የቢልድ ቱል ድጋፍ መጨመር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነው። ያገኘሁትን እነሆ።

ቢልድ ቱል ለምን አስፈለገ?

ቢልድ ቱል ማለት ባጭሩ ኮዳችንን ከጽሑፍነት ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚያደርሱትን ሥራዎች በቅደም ተከተል የሚያከናውን ፕሮግራም ነው። ኮምፓይል ያደርጋል፣ የሌሎች ሰዎችን ላይብረሪ ያመጣል፣ ቴስት ያስነሣል፣ በመጨረሻም አሽጎ ያስቀምጣል። የእነዚህ መሣሪያዎች ታላቅ ወንድም ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ የሠራው ሜክ ነው። ሜክ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው፤ ትእዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት ታብ ካልመታችሁ የሚቆጣ ኃይለኛ አዛውንት ነው።

በጃቫ ዓለም ጄምስ ዱንካን ዴቪድሰን አንትን ሠራ፤ ራሱን ችሎ ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ቀጥሎ የሜቨን የመጀመሪያው ቋሚ እትም በ2004 ወጣ። ግሬድል ደግሞ ቆየት ብሎ 1.0 የተባለውን እትም በ2012 አወጣ። በአንት እያንዳንዱን እርምጃ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ሜቨን ግን «ልማዴን ከተከተላችሁልኝ ሌላውን እኔ አውቃለሁ» የሚል ነው፤ ኮዱን በዚህ ማኅደር፣ ቴስቱን በዚያ ማኅደር አስቀምጡ፣ የቀረውን ለእኔ ተዉት ይላል። ይህ ልማድ ሥራ ያቀላል። ልማዱን ሳታውቁ ስትቀሩ ግን እንደ እኛ ዜሮ ያሳቅፋችኋል።

ጄዩኒት ከየት መጣ?

ጄዩኒት ለጃቫ የሚያገለግል ክፍት ምንጭ የቴስት ፍሬምወርክ ነው። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ለስብሰባ ሲበሩ፣ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው እንደጀመሩት ይነገራል። ቤክ ከዚያ በፊት ለስሞልቶክ ቋንቋ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር። ጄዩኒት 4 በ2006 ወጣና ለብዙ ዓመታት ነገሠ።

ጄዩኒት 4 ግን አንድ ችግር ነበረበት። ለተጠቃሚው የሚታየው በርና ለመሣሪያ ሠሪዎች የሚሆነው በር አልተለዩም ነበር። አይዲኢዎችና ቢልድ ቱሎች የሚፈልጉትን መረጃ ለማግኘት ወደ ውስጥ ዘልቀው፣ በሪፍሌክሽን የግል የሆኑ ነገሮችን ሳይቀር ይነካኩ ነበር። ስለዚህ የጄዩኒት ልጆች የቤታቸውን ጓዳ በፈለጉት ጊዜ ማስተካከል አልቻሉም፤ አንድ ነገር ሲያንቀሳቅሱ ጎረቤት ያለው መሣሪያ ይፈርሳል።

ይህን ለመፍታት በ2015 ዮሐንስ ሊንክና ማርክ ፊሊፕ የጀመሩት፣ ጄዩኒት ላምዳ የተባለ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ተከፈተና ከ50 ሺህ ዩሮ በላይ ተገኘ። በዚያ ገንዘብ የተጀመረው ሥራ ፍሬ አፍርቶ ጄዩኒት 5 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2017 ወጣ። በእኛ አቆጣጠር ብታዩት ጳጉሜ 5 ቀን 2009፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። በጳጉሜ ምክንያት ለተዋረድን ለእኛ ይህ ቀን ትንሽ ያስቃል።

ድጋፍ መጨመር ሲባል ሥራው ምንድን ነው?

እኔ በፊት ይመስለኝ የነበረው ቢልድ ቱሉ ዝም ብሎ ቴስቱን «ራን» እንደሚያደርግ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በሁለቱ መሀል የሚቆም አገናኝ ያስፈልጋል። ሥራዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ ቴስቶቹን ማግኘት ነው። ከመቶ ክላስ ውስጥ የትኛው ቴስት ነው? በሜቨን ይህን የሚሠራው ሹርፋየር የሚባል ተሰኪ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚያየው ስማቸውን ነው፤ በ«ቴስት» የሚጀምር ወይም የሚያልቅ ክላስ ይፈልጋል። ከዚያ ውስጡ ያሉትን ሜተዶች ለመለየት ፍሬምወርኩን ማወቅ አለበት። ጄዩኒት 3 በሜተዱ ስም ይለያል፣ ጄዩኒት 4 እና 5 በምልክት፣ ማለትም በአኖቴሽን ይለያሉ። የ4ቱና የ5ቱ አኖቴሽን በስም ቢመሳሰሉም የተለያየ ፓኬጅ ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛን የጣለን እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ለብቻው ማስነሣት ነው። ቴስቱ ቢንኮታኮት ቢልድ ቱሉን ይዞት እንዳይወድቅ ሌላ የጃቫ ማሽን ለብቻው ይነሣለታል። ለዚያ ማሽን የትኞቹ ላይብረሪዎች እንደሚታዩት፣ የጽሑፍ ኢንኮዲንጉ ምን እንደሆነ፣ ሜሞሪው ስንት እንደሆነ ሁሉ መንገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ማዳመጥ ነው። ይህ ቴስት ጀመረ፣ ያኛው አለፈ፣ ይሄኛው ወደቀ፣ ያ ደግሞ ተዘለለ እያለ ፍሬምወርኩ የሚያወራውን አገናኙ መስማት አለበት።

አራተኛ፣ ሪፖርት መጻፍ ነው። ለየቴስት ክላሱ አንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ይወጣል። ይህ አጻጻፍ ከአንት የጄዩኒት ተግባር የተወረሰ ሲሆን፣ ዛሬ እንደ ጄንኪንስ ያሉ መሣሪያዎችም ያነቡታል።

አምስተኛውና ዋናው፣ ውሳኔ መስጠት ነው። አንድ ቴስት ከወደቀ ቢልዱ መውደቅ አለበት። ደግሞ ማንም ልብ የማይለው ሦስተኛ ሁኔታ አለ፦ አንድም ቴስት ካልተገኘስ? ይሄ ማለፍ ነው ወይስ መውደቅ? የሹርፋየር ልማድ «ካልተገኘ የለም ማለት ነው፣ ይለፍ» የሚል ነው። ቴስት የሌላቸው ፕሮጀክቶች ስላሉ ምክንያት አለው። ቴስት ጽፎ ለተማመነ ሰው ግን ትልቅ ወጥመድ ነው።

የ2017 እና የ2018 ታሪክ

ጄዩኒት 5 ሲወጣ ሦስት ቤት ሆኖ ተከፈለ። ተጠቃሚው ቴስት የሚጽፍበት ክፍል ጁፒተር ይባላል። የድሮዎቹን የ3 እና የ4 ቴስቶች የሚያስነሣው ቪንቴጅ ይባላል። መሣሪያዎች የሚገናኙበት ደግሞ ፕላትፎርም ነው። ፕላትፎርሙ ለቢልድ ቱሎችና ለአይዲኢዎች ላውንቸር የሚባል በር ከፈተላቸው። በሌላው ወገን ደግሞ ማንኛውም ፍሬምወርክ ሞተር ሆኖ እንዲሰካ ቴስት ኢንጂን የሚባል ውል አስቀመጠ። ሞተሩ በጃቫ ሰርቪስ ሎደር በኩል ስሙን ያስመዘግባል፤ ላውንቸሩም በክላስፓዙ ላይ ያገኘውን ሞተር ሁሉ ጠርቶ «ያለህን ቴስት አሳየኝ፣ አሁን ደግሞ ሥራው» ይለዋል።

የዚህን ጥቅም ለጓደኞቼ ያስረዳኋቸው በአሞራ ገደል ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ አምስት አጥማጆችና አራት ምግብ ቤቶች አሉ እንበል። ገበያ ባይኖር እያንዳንዱ አጥማጅ ከእያንዳንዱ ምግብ ቤት ጋር ለብቻው መዋዋል ነበረበት፤ 20 ውል ማለት ነው። አሞራ ገደል ላይ ገበያ ሲኖር ግን ሁሉም ወደዚያ ይመጣል፤ 9 መንገድ ይበቃል። ፍሬምወርኮቹ አጥማጆች፣ ቢልድ ቱሎቹ ምግብ ቤቶች፣ ፕላትፎርሙ ገበያው ነው። ስፖክ የተባለው ሌላ ፍሬምወርክ በ2021 ባወጣው 2.0 እትሙ በዚሁ ፕላትፎርም ላይ ተሠርቷል።

ይሁን እንጂ ገበያው ስለተከፈተ ብቻ ምግብ ቤቱ ወዲያው አይመጣም። ጄዩኒት 5 ሲወጣ ሜቨንም ግሬድልም በራሳቸው አያውቁትም ነበር። የጄዩኒት ልጆች ታዲያ ዝም ብለው አልጠበቁም። ለሜቨን ሹርፋየር አንድ አቅራቢ፣ ለግሬድል አንድ ተሰኪ ራሳቸው በናሙና መልክ ጽፈው ለሕዝብ ሰጡ። ናሙና ስለሆነ ጉድለት ነበረው፤ ግን መንገድ ጠረገ። በ2018 ግሬድል በ4.6 እትሙ ድጋፉን በራሱ ውስጥ አስገባ። በዚያው ዓመት አንት 1.10.3 አዲስ ተግባር ጨመረ፣ ሹርፋየርም በ2.22.0 እትሙ ጄዩኒት ፕላትፎርምን ተቀበለ። የጄዩኒት ልጆችም የራሳቸውን ናሙናዎች «ሥራችሁን ጨርሳችኋል» ብለው አሰናበቷቸው። ክፍት ምንጭ ላይ መሥራት ለምትፈልጉ ይህ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል። አንድ ሰው የሠራው ሥራ በትክክለኛው ባለቤቱ እጅ ሲገባና የራሱ ሲጠፋ ያ ውድቀት አይደለም፤ ዓላማው መድረሱ ነው።

እኛ እንዴት ወደቅን?

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ እንመለስ። ላቦራችን ውስጥ ያለው ሜቨን 3.6 ነበር። ይህ እትም የሹርፋየርን ቁጥር ካልነገራችሁት በልማድ የሚያነሣው 2.12.4 የተባለውን ነው። ይህ ደግሞ ከጄዩኒት 5 በፊት የተሠራ ስለሆነ ስሙንም ሰምቶት አያውቅም። ቴስቶቻችንን ሲያይ «ጄዩኒት 4 የለም፤ እንግዲያው በድሮው ደንብ ልፈልግ» ብሎ ፐብሊክ የሆኑና ስማቸው በ«ቴስት» የሚጀምር ሜተዶችን ፈለገ። የእኛ ሜተዶች ፐብሊክ አልነበሩም፤ በጁፒተር ግዴታ አይደለምና። ስማቸውም ቢሆን በ«ቴስት» የሚጀምር አልነበረም። ስለዚህ ምንም አላገኘም፣ ምንም አልወደቀም፣ «ሰክሰስ» አለ። የሚገርመው ግን አልዋሸም። ዜሮ መሆኑን ጽፎልን ነበር፤ ያላነበብነው እኛ ነን።

መፍትሔው ፖም በሚባለው ፋይል ውስጥ የሹርፋየርን እትም በግልጽ መጻፍ ብቻ ነበር። ሦስት አራት መስመር ነው። ጻፍነውና ቢልዱን አስነሣነው። 23 ቴስት ተሠራ፣ 4 ወደቀ። እንደዚያ ቀን በቀይ ጽሑፍ ተደስቼ አላውቅም!

ከአራቱ አንዱ የጳጉሜ ቴስት ነበር። ቀሪውን ከ0 ወደ 3 ስመልሰው አለፈ። ይህን ቁጥር ዳግም እንዳልረሳው የያዝኩት በወንጌላውያኑ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ ነው። 2015ን ብንወስድ 7515 ይሆናል፤ ቀሪው 3፣ ሉቃስ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። የባሕረ ሐሳብን ነገር አያቶቻችን በቃላቸው የሚያውቁትን እኔ በኮምፒውተር አበላሸሁት።

ሌሎቹ ሦስቱ ያልጠበቅናቸው ነበሩ። የቀጠሮ ካርዱ ላይ የወር ስም ስንት ቦታ እንደሚይዝ የሚለኩ ቴስቶች ናቸው። «ጳጉሜ» 3 ፊደል መሆን ሲገባው ቴስቱ 9 ቆጠረ። ምክንያቱ ኢንኮዲንግ ነው። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብተዋል፤ በዩቲኤፍ 8 ሲጻፉ ደግሞ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። የላቦራችን ዊንዶውስ ልማድ ግን እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ማንበብ ነው። ስለዚህ 3 ፊደል 9 ሆነ፣ ካርዱም ላይ ሰንጠረዡ ተዛባ። ሜቨን ይህንንም በማስጠንቀቂያ መስመር «የምጠቀመው የዚህን ማሽን ኢንኮዲንግ ነው» ብሎ ሲነግረን ከርሟል። ፖሙ ላይ የምንጭ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 ስናደርገው ሦስቱም አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጃቫ 18 ዩቲኤፍ 8ን ልማዱ አድርጎታል፤ ከዚያ በታች ያለ ጃቫ የምትጠቀሙ ግን በግልጽ ጻፉት።

ራሴ ስሞክረው

ነገሩ በደንብ ስለሳበኝ ለመማር ያህል አንድ ትንሽ አገናኝ ራሴ ጻፍኩ። ሜክ ጄዩኒት 5ን በላውንቸሩ በኩል እንዲያስነሣ የሚያደርግ መቶ መስመር የማይሞላ የጃቫ ፕሮግራም ነው። ማግኘቱም፣ ማዳመጡም ሠራልኝ። ከዚያ ሆን ብዬ አንድ ቴስት አበላሸሁና ሜክን አስነሣሁ። ስክሪኑ ላይ «ወደቀ» ብሎ ጻፈ፣ ሜክ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደሚቀጥለው ሥራ አለፈ።

ምን አጥፍቼ ነው? ሜክ ጽሑፍ አያነብም። እርሱ የሚያየው ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚመልሰውን ቁጥር ብቻ ነው፤ 0 ከሆነ ደኅና፣ ሌላ ከሆነ ስሕተት። የእኔ ፕሮግራም «ወደቀ» ብሎ ከጻፈ በኋላ በሰላም 0 ብሎ ይወጣ ነበር። የጮኸሁት ለሰው ነው፣ ለማሽኑ ምንም አልነገርኩትም። ስለዚህ ቴስት ሲወድቅ 1፣ ምንም ቴስት ካልተገኘ ደግሞ 2 እንዲመልስ አደረግሁት። በኋላ ሳይ የጄዩኒት ኮንሶል ላውንቸርም ቴስት ሲወድቅ 1 ይመልሳል፤ ቴስት ካልተገኘ እንዲወድቅ ከነገራችሁት ደግሞ 2 ይመልሳል። ሰዎቹ ይህን ጥያቄ ቀድመው አስበውበታል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ እኛን ምን አገባው?

አንዳንድ ሰው «ይሄ የፈረንጅ መሣሪያ ጣጣ ነው» ሊል ይችላል። እኔ ግን በጣም ያገባናል ባይ ነኝ። ጤና ሚኒስቴራችን የጤና መረጃ ለመሰብሰብ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ነው። በጃቫ የተጻፈ፣ በሜቨን የሚገነባ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠርም በውስጡ አለ። የእኛን አቆጣጠር የሚያውቁ ሌሎች ክፍት ምንጭ ላይብረሪዎችም አሉ፤ ጆዳ ታይም አንዱ ነው፣ ስሪቴን ኤክስትራ ሌላው ነው። በጃቫ 8 የመጣው የጃቫ የራሱ የቀን ላይብረሪ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ሲይዝ የእኛን አልያዘም። ስለዚህ ጳጉሜን በትክክል የሚቆጥረው እንዲህ ያለ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። የሚጠብቀው ደግሞ አጠገቡ የተጻፈው ቴስት ነው። ያ ቴስት በቢልዱ ውስጥ ካልተሠራ ስሕተቱ የሚታየው በአራት ዓመት አንዴ፣ ያውም በአንዲት ቀን ብቻ ነው። የሚያየውም ፕሮግራመሩ አይደለም፣ ቀጠሮ የያዘችው እናት ናት።

ሌላም የራሳችን የሆነ ችግር አለ፦ ኢንተርኔት። ሜቨን የሚፈልገውን ላይብረሪ ከኔት እያወረደ በኮምፒውተሩ ላይ ያከማቻል። እኛ ኔት ሲቆራረጥብን ከተማ ወጥተን አንድ ካፌ ውስጥ «ለኦፍላይን አዘጋጅ» የሚለውን ትእዛዝ አስነሥተን፣ ማከማቻውን በፍላሽ ገልብጠን ወደ ላቦራ እንመለስ ነበር። ኮምፓይሉ ሲሠራ ቴስቱ ላይ ስንደርስ ግን «አላገኘሁም» ይላል። ኧረ ሁሉንም አውርደን የለ? ምክንያቱን ያወቅሁት የሹርፋየርን አሠራር ሳጠና ነው። ሹርፋየር ከጄዩኒት ጋር የሚያገናኘውን አቅራቢ የሚመርጠውና የሚያወርደው ቴስቱን ሊያስነሣ ሲል፣ የትኛው ፍሬምወርክ እንዳለ አይቶ ነው። የማዘጋጃው ትእዛዝ ይህን አስቀድሞ አያውቅም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ካፌው ውስጥ እያላችሁ ቴስቶቹን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አስነሡና ከዚያ ገልብጡ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ለዘንድሮ ተመራቂዎችና ከእኛ በኋላ ለምትመጡት የምላችሁ ጥቂት ነው።

ቢልዱ ሲያልፍ ቀለሙን ሳይሆን የቴስቱን ቁጥር እዩ። ትናንት 23 የነበረ ዛሬ 22 ከሆነ አንዱ የት እንደሄደ ጠይቁ። አዲስ ፕሮጀክት ስትጀምሩ ሆን ብላችሁ የሚወድቅ አንድ ቴስት ጻፉ፤ ቢልዱ ካልወደቀ መሣሪያችሁና ፍሬምወርካችሁ አልተዋወቁም። የተሰኪዎቻችሁን እትም በግልጽ ጻፉ። ከ3.9 ጀምሮ ሜቨን በልማድ የሚያነሣው አዲሱን ሹርፋየር ነው፤ የድሮው ያለበት ማሽን ግን ዛሬም ብዙ ነው። በ2025 የወጣው ጄዩኒት 6 ደግሞ ከ3.0.0 በታች ያለውን ሹርፋየር ጭራሽ አይደግፍም። ሹርፋየር ቴስት ካላገኘ እንዲወድቅ የሚያዝ ቅንብር አለው፤ አብሩት። ኢንኮዲንጋችሁንም ዩቲኤፍ 8 አድርጉ።

እኛ ዋናውን መከላከያ ስናቀርብ አማካሪያችን ያንኑ ነሐሴ 1 ቀን 2015ን በድጋሚ አስገቡ። ፕሮግራሙ «መስከረም 7፣ ሰኞ» አለ። እርሳቸው ግን በዚያ አልበቃቸውም። «ቢልዱን አስነሡልኝ» አሉና አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ያንኑ መስመር ፈለጉ። አሁን 31 ይላል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስምንት ጨምረናል። ምንም አላሉም፣ ብቻ በማስታወሻቸው ላይ ቁጥሩን ጻፉ። እኔም ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቢልድ ባስነሣሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ያንን መስመር ነው።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ወይም ያንን ትንሽ የሜክ አገናኝ ለማየት የምትፈልጉ፣ ከሰዓት በኋላ ላቦራ ውስጥ አታጡኝም። መልካም የንባብና የሥራ ጊዜ ይሁንላችሁ!